አራት ቀን የቀደመን ሰው

በዚያ ዘመን እሁድ ከሰዓት በኋላ አዋሳ ውስጥ ምን ትሠሩ ነበር ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ «ዳማ እንጫወት ነበር» እለዋለሁ። ለቀበሌው ሊቀመንበርም የምንለው ይህንኑ ስለነበር አፌ ለምዶታል። ደግሞ ውሸት አይደለም፤ ጠረጴዛው ላይ የዳማ ሰሌዳ ነበረ፣ ቆርኪዎቹም በወጉ ተደርድረው ነበር። ብቻ ያ ጨዋታ መሃሉ ላይ እንደቆመ አንድ ዓመት ከምናምን ማንም አልነካውም። የግቢው በር ሲንኳኳ አራታችንም ጎንበስ ብለን ቆርኪዎቹ ላይ ማፍጠጥ ነው። አንድ ጊዜ ሊቀመንበሩ ራሱ ገባና ከጀርባችን ቆሞ ሲያይ ሲያይ ቆይቶ፣ «ጓዶች፣ የተገለበጡት እኮ አልቆላቸዋል» ብሎን ወጣ።

ከሰሌዳው ስር ካርታ ነበር። እውነተኛው ጨዋታ እሱ ነው።

ካርታውን የሣልኩት እኔ ነኝ። እንጀራዬም ያው ነበር፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ካርታ ሣይ ነበርኩ። ገበሬው ከያለበት ተነስቶ የሚሰፍርበትን መንደር፣ ቤቱን በቤት ትይዩ፣ መንገዱን በማስመሪያ ቀጥ አድርጌ አሰምራለሁ። እንደዚያ ቀጥ ባለ መንደር ውስጥ ሰው እንዴት ይኖራል ብዬ መጠየቅ የእኔ ሥራ አልነበረም። የተበላሸውን ወረቀት ግን ጠቅልዬ ወደ ቤት ይዤ እመጣና ጀርባው ላይ ጠማማ መንገድ ብቻ ያለበት አገር እሥል ነበር። የሌለ አገር ነው። ስሙን ማዶ አልነው።

አጨዋወቱን ልንገራችሁ። አንድ ሰው አጫዋች ይሆናል፤ እሱ እኔ ነበርኩ። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው በማዶ ውስጥ አንዳንድ ሰው ይሆናሉ። እኔ የት እንደደረሱ፣ ማን እንዳጋጠማቸው፣ ሰማዩ እንዴት እንደዋለ እነግራቸዋለሁ፤ እነሱ ደግሞ ምን እንደሚያደርጉ ይነግሩኛል። «ወንዙን በዋና እሻገራለሁ» ይላል አንዱ። ይሻገር ይሆን ወይስ ውሃው ይወስደው ይሆን? እኔ አልወስንም፤ ዕጣ ይወጣል። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ዘጠኝ የተጠቀለሉ ወረቀቶች ነበሩን። አራቱ ላይ «ሆነ»፣ ሦስቱ ላይ «አልሆነም»፣ ሁለቱ ላይ ደግሞ «ሆነ፣ ግን» ይላል። ከ«ግን» በኋላ ያለውን የምሞላው እኔ ነኝ። አቤት፣ ያቺን «ግን» እንዴት እወዳት ነበር!

ከየት አመጣኸው ትሉኝ ይሆናል። ከዘመቻ ነው። ገና ጢም ሳናበቅል ገበሬ እንድናስተምር ተልከን፣ ክረምቱ መንገዱን ሲዘጋው አንድ ሳር ቤት ውስጥ ስድስት ወንዶች ተፋጠን ቀረን። የሬዲዮው ባትሪ አለቀ፣ ሲጋራውም አለቀ፣ የምንሰዳደበውም ሳይቀር አለቀ። እኔ ታሪክ ማውራት ጀመርኩ። አንዱ «እኔ ብሆን በዚያ በር አልገባም» ሲለኝ፣ በንዴት «እሺ ግባ እስቲ በየት እንደምትገባ!» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ከእኔ ጋር ኖረ።

ከዓመታት በኋላ አዋሳ ላይ የተሰበሰብነው ሁላችንም የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ነን። አንደኛው የግምጃ ቤቱ ሽማግሌ ናቸው። ከጎጃም በሥራ የመጡ፣ ጾም የማያፈርሱ፣ አንዲት ብሎን ሳያስፈርሙ የማይሰጡ ሰው ነበሩ። ማዶ ውስጥ ነጋዴ ሆኑ፣ እዚያም አመላቸው አልተዋቸውም። ሽፍታ ዘርፏቸው ሲሄድ «ደረሰኝ ይቁረጥልኝ!» ብለው ከኋላው የጮኹ እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ሾፌሩ ነው። የሲዳማ ልጅ፣ ጴንጤ፣ ጸሎት ቤታቸው ታሽጎባቸው እሁድ እሁድ መድረሻ ያጣ ነበር። ማዶ ውስጥ መንገድ መሪ ሆነ፣ በቅሎም ሰጠሁት፤ ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብሎ ሰኮናዋን እንደ ጎማ ያይ ነበር። ዕጣ ግን በእጁ አይነካም፣ «ቁማር ነው» ይላል። ሽማግሌው «ሐዋርያትም ዕጣ ተጣጥለዋል እኮ፣ አንተ ከነሱ በልጠህ ነው?» ቢሉት ወይ ፍንክች። ሌላ ሰው ያወጣለትና እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በሲዳምኛ ይጸልያል። ታዲያ ቁማሩ ላይ መጸለይ ይሻላል?

ሦስተኛዋ ታይፒስቷ ናት። ስለ እሷ ለማውራት ነው ይህን ሁሉ የዞርኩት።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ባለቤቷ ወታደር ነው፤ በተጋቡ በስምንተኛው ወር ወደ ሰሜን ሄደ። አንድ ዓመት ተኩል ደብዳቤ መጣ፣ ከዚያ ቆመ። ለጠየቀችው ሁሉ የጦሩ ጽሕፈት ቤት መልሱ አንድ ነው፤ «በግዳጅ ላይ ነው»። ሐይቅ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር፣ በዚያች ክፍል ውስጥ ሲጋቡ የገዙት ባለ ስድስት ሰው ጠረጴዛ ቤቱን እኩሌታ ይዞት ቆሟል። ሽማግሌው ናቸው ያመጡን። «ይህች ልጅ እሁድ እሁድ ብቻዋን ግድግዳ ታያለች። እኛ ጠረጴዛ የለንም፣ እሷ ሰው የላትም» አሉ። አከራይዋ እንዳያሟት በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ነበር የምንጫወተው፣ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ ካርታዬን እያነሳ ያስቸግረኝ ነበር።

መጀመሪያ ሁለት እሁድ ዝም ብላ አየች። ያን ጊዜ የዋሶች ከተማ ላይ ነበርን። ዋስ ያልጠራ ሰው የማይገባባት ከተማ ናት፤ ማንንም በማያውቁበት አገር ዋስ ከየት ይመጣል? ሽማግሌው ዘበኛውን ሲለማመጡ፣ ሲገዝቱ፣ በመጨረሻም በቁጣ ሲያንባርቁ እሷ ሳቋ አመለጣት። አሳቋት! እኔ በመሥሪያ ቤት ሦስት ዓመት ስትስቅ አይቻት አላውቅም። በሦስተኛው እሁድ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ጎትታ፣ «እኔም ልግባ» አለች።

«ማን ነሽ ታዲያ?» አልኳት በአጫዋች ድምፄ።

«ሰው ፈላጊ ነኝ» አለች። «ባሌን ነው የምፈልገው።»

ሽማግሌው አቀረቀሩ። ሾፌሩ እኔን አየኝ። እኔ ያኔ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። «ይህ ጨዋታ ነው፣ ሌላ ሰው ሁኚ፣ ሐኪም ሁኚ፣ ዘፋኝ ሁኚ» ብላት ትሰማኝ ነበር። እኔ ሞኙ «ይሁን» አልኩ።

በመጀመሪያው መንደር ቆማ ጠየቀች። «ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው በዚህ አልፏል?» ዕጣውን ራሷ አወጣች። «ሆነ፣ ግን» ይላል። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «አዎ፣ አልፏል» አልኩ የመንደሩን አሮጊት ሆኜ፤ «ውሃ ጠጥቶ፣ አመስግኖ ሄደ። ግን አራት ቀን ይቀድምሻል።»

ፊቷን ብታዩት! ደም የገባበት መሰለ። ለጎረቤት የማይነገር ደስታ ነበር የያዛት፤ ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤት ስገባ ከታይፑ ቀና ብላ «አራት ቀን እኮ ምንም አይደለም» አለችኝ። የሆዴን በሆዴ ይዤ «ምንም አይደለም» አልኳት።

እንዲህ ሆኖ አንድ ዓመት አለፈ። በየደረስንበት እሱ አልፏል። እንቅልፉን የተኛበትን ሳር አየች፣ በአንድ ገበያ ላይ የታረቁትን ባልና ሚስት ያስታረቀው እሱ መሆኑን ሰማች፣ በአንድ ድልድይ ላይ ሰዎች አፉን በእጁ እየሸፈነ የሳቀውን ሳቅ ነገሯት። ሁልጊዜ አራት ቀን ይቀድመናል። ስንፈጥንም አራት፣ ስንዘገይም አራት። ሾፌሩ በቅሎዋን ቢያስጋልብም አራት። እኔን ጠይቁኝ፤ አጫዋች የሚፈራው አንድ ነገር ነው፣ በሚቀጥለው እሁድ ሰው እንዳይቀር። አራት ቀን ደግሞ ጥሩ ርቀት ነው፤ ተስፋ አይቆረጥበትም፣ አይደረስበትምም። በጥበቤ እኮራ ነበር እኮ! በመሃሉ አንድም ቀን በሕይወት አለ ወይ ተብሎ ለእሱ ዕጣ እንዳልወጣ ማንም ያላየ መስሎኝ ነበር።

ልናገረው፣ ዛሬ ማን ይከሰኛል? እወዳት ነበር። በወግ የተናገርኩት ነገር የለም፣ እጇን እንኳ ከሰላምታ በላይ ይዤ አላውቅም። ባል ያላት ሴት ናት። ግን ሳምንቱን ሙሉ የምኖረው ለእሁድ ነበር። እሷ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ አገጯን በመዳፏ ይዛ፣ እኔ ያልኩትን ሁሉ እንደ እውነት ስትሰማኝ የምሆነውን እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አዳምጦኛል፣ ልጆች አሳድጌያለሁ፣ በስብሰባ ተጨብጭቦልኛል። እንደዚያ ግን ማንም ሰምቶኝ አያውቅም። ዛሬም ነፋስ ከሐይቁ ሲነሳ ወረቀት ልይዝ እጄ ይዘረጋል፤ እንዴት እንደሚናፍቀኝ ብነግራችሁ አርጅቶ ጃጀ ትሉኛላችሁ።

ከዚያ ወንድሟ ከአዲስ አበባ መጣ። እናታቸው ታመው አልጋ ይዘዋል፤ ለእሷም እዚያ ዝውውር ጨርሶላት ነበር፣ ወረቀቱን በኪሱ ይዞ። «ነይ እንሂድ፣ እናትሽን አስታሚ፣ ሕይወትሽን ኑሪ» ቢላት አሻፈረኝ አለች። «ከመጣ የሚያውቀው ይህን ቤት ነው» አለችው። ወንድሟ «እህቴ፣ እሱ እኮ…» ብሎ ሳይጨርሰው፣ «ሩቅ አይደለም፤ ይሰማኛል» አለችው አሉ። ወንድሟ እያለቀሰ አውቶብስ ተሳፈረ።

ይህን የነገሩኝ ሽማግሌው ናቸው። ግምጃ ቤት ጠርተውኝ በሩን ዘጉ፣ እንዲያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። «አንተ ልጅ፣ ይህችን ሴት በምን እንዳሰርካት ታውቃለህ?» አሉኝ።

«ጨዋታ እኮ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

«ለአንተ! እናቷ እየሞቱ ነው። እሷ እዚህ አራት ቀን ስትቆጥር ቀብራቸው ሊያመልጣት ነው።»

ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ መስመሬ ሲጣመም ዋለ፣ አለቃዬ «ታመሃል እንዴ?» አለኝ።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ እሷ ዘንድ የሚታተም ይዤ ሄድኩ። ሌላ ሰው አልነበረም። መተየቧን ሳታቆም፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል፣ «ለእሱ አንድም ቀን ዕጣ አላወጣህለትም» አለችኝ።

ደነገጥኩ። «እንዴት?» አልኩ።

«ለእኔ ይወጣል፣ ለጋሼ ይወጣል፣ ለበቅሎዋ ሳይቀር ይወጣል። ለእሱ ግን አንተ ነህ የምትወስነው። ለምን ሁልጊዜ አራት ቀን ሆነ?»

እሷ መተየቧን አቆመች።

«እኔ ደክሞኛል» አለች። «ስሄድ ስሄድ ደክሞኛል። ደብዳቤ የለ፣ ሬሳ የለ፣ መርዶ የለ። ጥቁር ልልበስ ብል ባሏ ሳይሞት ሟርተኛ ይሉኛል። ነጭ ልልበስ ብል ሆዴ እምቢ ይለኛል። ይህን የሚጨርስልኝ መንግሥት የለም፤ ያለኸኝ አንተ ነህ። ወይ አገናኘኝ፣ ወይ አርዳኝ።»

«ዕጣ እናውጣ» አልኩ።

«በዕጣማ አይሆንም» አለች፤ ተናዳ ነበር። «በል አንተው ወስን። እስካሁን የወሰንከው አንተ አይደለህ?»

ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ እንዴት እንደሆንኩ አልነግራችሁም። ከሥራ ስወጣ ሐይቁ ዳር እሄዳለሁ፣ ዓሣ አስጋሪዎቹ መረብ ሲጠግኑ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ማዶ ላይ ባገናኛት፣ እሱን ስትጠብቅ እስክትሸብት ድረስ ከዚያች ክፍል አትወጣም። ባረዳት ትሄዳለች፤ እናቷን ታያለች፣ ነፃ ትሆናለች። እስከዚህ ድረስ አሳቤ ቀና ነበር። ከዚያ ሆዴ ውስጥ አንድ ሌላ ድምፅ «ነፃ ከሆነች ደግሞ…» ይላል። እሱን ድምፅ ጠላሁት። ጠላሁት እንጂ አላስወጣሁትም። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ሰውየው በሕይወት ቢኖርስ? አንድ ቦታ፣ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ የእሷን ፊት እያሰበ ቢሆንስ?

ቅዳሜ ወደ ሽማግሌው ሄድኩና ላረዳት ማሰቤን ነገርኳቸው። ገሥጸው ያባርሩኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «መርዶ ከሆነ በወጉ ነው» አሉ። «መርዶ እንደ ዜና አይነበብም። ከሰዓት በኋላ ሻይ እየተጠጣም አይነገርም። ማልደን ነው የምንሄደው፣ ሦስታችንም። ነጠላ አለህ?»

«ጋሼ፣ እውነት እኮ አይደለም» አልኳቸው።

«ለቅሶዋ እውነት ነው» አሉ።

እሁድ ገና ጎህ ሲቀድ በሯ ላይ ቆምን። ሽማግሌው ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሾፌሩ ነጠላ ስላልነበረው የሚስቱን ተውሶ ነው የመጣው፣ ጥለቱን ወደ ውስጥ አጥፎ። ከፈተች። አንድ ጊዜ አየችን፣ ከዚያ መንገድ ለቀቀችልን። እኛ በየወንበራችን ተቀመጥን፤ እሷ እንደቆመች ነበር። ሽማግሌው የዳማውን ሰሌዳ አንስተው መሬት ላይ አኖሩት፣ ካርታው ተገለጠ።

ጀመርኩ። አንድ መንደር ደረሳችሁ አልኩ። ውሻ አልጮኸባችሁም። ሰዎቹ ወጥተው ቆመው እየጠበቋችሁ ነው፣ ወንዶቹም ሴቶቹም። አንድ ሽማግሌ ቀርበው ነይ ልጄ ተቀመጪ አሉሽ። አልቀመጥም አለች። ተቀመጪ አልኳት። ተቀመጠች። «ስትፈልጊው የነበረው ሰው እዚህ ደርሶ ነበር» አልኩ። «ታሞ ነው የደረሰው። ከእኛ ጋር ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን አረፈ።»

ጠረጴዛው ላይ ያለው እጇ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች፣ ቀስ እያለች፣ ልክ መንገድ ስትጠይቅ እንደነበረው።

«ማን ቀበረው?»

«የመንደሩ ሰው ሁሉ።»

«ሳያውቁት?»

«በሦስት ቀን አውቀውት ነበር። ስምሽን ነግሯቸዋል።»

«ሴት አልቅሳለታለች?»

«አልቅሳለታለች። ልጇ የሞተባት ሴት ነበረች፣ እንደ ልጇ ነው ያለቀሰችለት።»

«ጫማውስ?» አለች። «ሲሄድ የገዛሁለት ጫማ።»

ይህን አልተዘጋጀሁበትም። «ለቆፈረለት ልጅ ሰጡት» አልኩ። «ባዶ እግሩን ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። «ጥሩ አደረጉ። አዲስ እኮ ነበር» አለች። ከዚያ ጮኸች።

እንደዚያ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ደረቷን እየደቃች ስሙን ጠራች፤ በዓመት ከምናምን ጨዋታችን አንድ ጊዜ እንኳ ስሙን ጠርታው አታውቅም ነበር። አከራይዋ በባዶ እግራቸው ሮጠው ገቡ። ጎረቤቱ ግቢውን ሞላው። «ማን ሞተ?» «ባለቤቷ!» «ማን አረዳት?» ሁሉም ወደ እኛ ዞረ፣ ሦስት ወንዶች ነጠላ አዘቅዝቀን ቆመናል። ማን ይጠራጠራል? ወዲያው እድሩ ድንኳን ተከለ፣ ወንበር መጣ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ሊቀመንበሩ መጥቶ ባርኔጣውን አውልቆ አለቀሰ፣ ካለቀሰ በኋላ ግን ሽማግሌውን ለብቻ ጠርቶ «ደብዳቤው የታለ?» አላቸው። እኚያ ለአንዲት ብሎን እንኳ በሐሰት ያልፈረሙ ሰው ዓይኑን እያዩ፣ «ከግንባር የመጣ ሰው ነገረን» አሉት። በማግስቱ ነፍስ አባታቸው ዘንድ ሄዱ፣ ለረጅም ጊዜም ሰግደዋል።

እኔ ሦስት ቀን ውሃ ስቀዳ፣ ወንበር ስሸከም፣ እንግዳ ሳስተናግድ ዋልኩ። «ምን ዓይነት ወዳጅ ነው፣ ከወንድም ይበልጣል» ይሉኝ ነበር ሴቶቹ።

በሳልስቱ ወንድሟ መጣ። በሳምንቱ ጥቁሯን እንደለበሰች ሄደች። ጠረጴዛውን ለአከራይዋ ተወችላቸው። መናኸሪያ ሸኘናት፤ ሽማግሌውን ጉልበታቸውን ሳመች፣ ሾፌሩን አቀፈችው፣ እኔን ጨበጠችኝ። እናቷ በሕይወት ሳሉ እንደደረሰችላቸውና አምስት ወር እንዳስታመመቻቸው በኋላ ሰማን። ይህን ሳስብ ደህና አደረግሁ እላለሁ። ሌላ ሌላውን ሳስብ ደግሞ ዝም እላለሁ።

እኛ ሦስታችን አንድ እሁድ እኔ ቤት ሞከርን። ካርታውን አልጋ ላይ ዘረጋሁት። «በቅሎዋ ደህና ናት» አለ ሾፌሩ። «ደህና ናት» አልኩ። ሽማግሌው ነጋዴያቸውን ወዴት እንደሚወስዱት ግራ ገባቸው፤ ለካ እኛ ሁላችን አንድ ዓመት ሙሉ የምንሄደው የእሷን መንገድ ነበር። ሻይ ጠጥተን ተለያየን። ሽማግሌው ጡረታ ወጥተው አገራቸው ገቡ። ሾፌሩን እስከ ዛሬ ገበያ ላይ አገኘዋለሁ፣ ስለ ልጆች እናወራለን፣ ያንን አናነሳም።

አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ መንግሥት ወደቀ፣ ጦሩ ተበተነ። ወታደሩ በእግሩም በመኪናም እየመጣ ነው ተባለ፤ በየመንገዱ ባዶ እግሩን፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ዳቦ እየለመነ። ሥራ መግባት ተውኩ። በጠዋት መናኸሪያ እሄድና ከሻሸመኔ በኩል የሚገባውን መኪና ሁሉ ስጠብቅ እውላለሁ። ፊቱን የማውቀው ግድግዳዋ ላይ ከነበረው ፎቶግራፍ ነው። የወረደውን ሁሉ አያለሁ። እንዲመጣ ነው እንዳይመጣ የምፈልገው? ብትገድሉኝ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ከአጥሩ ወዲያ ማዶ፣ ትኬት መቁረጫው ጥግ፣ አየኋት። ከስታለች። ጥቁሩን አውልቃለች። የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ታያለች። ከአዲስ አበባ ይህን ሁሉ መንገድ መጥታ፣ እሱ የሚያውቀው ከተማ ይህ ስለሆነ እዚህ ቆማለች። ልጠፋ ፈለግሁ፣ ግን አየችኝ። መጥታ አጠገቤ ቆመች። ሰላምታ አልተለዋወጥንም። ምን ትሠራለህ እዚህ አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

አንድ አውቶብስ ገብቶ አራገፈ። አልነበረም። ሌላ ገባ። አልነበረም።

«ከመጣ ምን እንለዋለን?» አለችኝ፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል።

«እንዳለቀስንለት እንነግረዋለን» አልኩ።

«አንተ አልቅሰሃል?»

ያን ጊዜ መዋሸት ቀላል ነበር። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነበር፣ ሁሉም እያለቀሰ ነበር፣ ማን ቆጠረ? ለዚያች ሴት ግን ብዙ ነግሬያታለሁ፣ ከዚያ በላይ ልጨምርባት አልቻልኩም።

«አላለቀስኩም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ሳይህ ነበር።»

ሌላ አውቶብስ ገባ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሁለታችንም የሚወርዱትን ለማየት ዞርን።